ጫት ሲገባ የሚወድቅ መስመር

ጅቡቲ ከተማ፣ ጋቦዴ ሠፈር በተከራየሁት ቤት ለሥራዬ ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈልገኝ ዕቃ የእኔ አልነበረም። ምድር ቤት፣ አከራዮቼ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አቧራ ለብሶ የተቀመጠው ሞደም ነው። እኔ የምኖረው ፎቅ ላይ ከጣሪያው ሥር ባለችው ክፍል ስለነበር የሚደርሰኝ ዋይፋይ አንድ ወለልና ሁለት የኮንክሪት ግድግዳ አልፎ የተረፈው ነው። ኢንተርኔቱ ከኪራዩ ጋር ተጠቃሎ የሚከፈል ስለሆነ ቆሜ የምከራከርበት ውል አልነበረኝም።

ለአንድ የአዲስ አበባ ሬዲዮ ከጅቡቲ ዘገባ እልካለሁ። ዶራሌ ወደብ የሚሰለፉትን የጭነት መኪኖች፣ የወደቡን ሥራ፣ በባሕር የሚሄዱትንና የሚመለሱትን የአገሬን ልጆች ስከታተል ጠዋቱ ያልቃል። ቀትር ላይ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቆ እመለሳለሁ፤ የቀረጽኩትን ድምፅ ቆርጬና ቀጥዬ እልካለሁ። መላኩ ነበር የሚያደክመኝ። በኮምፒውተሩ ላይ የምትታየው አረንጓዴ መስመር ግማሽ መንገድ ትሄድና ትቆማለች። እኔ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። የዜና ክፍሉ ኃላፊ ይደውላል።

«የት ደረሰ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«በግመል ነው እንዴ የላክኸው?»

እንዲህ ስንባባል ዜናው ተነቦ ያልቃል። የእኔ ዘገባ ለነገ ይተርፋል፤ ነገ ደግሞ የራሱ ዘገባ አለው።

በሙያዬ ካዳበርኳቸው ልማዶች አንዱ ማስረጃ ሳልይዝ ማንንም አለመክሰስ ነው። ስለዚህ የመስመሩን ፍጥነት የሚመዘግብ አንድ ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩ። በየጥቂት ደቂቃው ይለካል፣ ሰዓቱንና ፍጥነቱን ይጽፋል፣ በቀኑ መጨረሻ ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ሥዕል ያወጣል። መስመሩ ደህና ሲሆን ሥዕሉ ከፍ ይላል፤ ሲደክም ይወርዳል። ይህ እንዲሆን ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ መዋልና ማደር ነበረበት። በክፍሌ ያለችው አንድ ቬንትሌተር ናት። ሐምሌ ላይ፣ ያ ደረቅ ነፋስ አሸዋውን ይዞ ሲመጣ፣ እሷን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሬ እኔ እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ አድርጌ እቀመጥ ነበር።

ወራት አለፉ። ሥዕሉ በየቀኑ አንድ ዓይነት ሆነ። ጠዋት ደልዳላ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከደረጃ እንደወደቀ ሰው ድንገት ይወርዳል፣ ከሰዓቱን ሙሉ እዚያው ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ወደ ማምሻው እየተንገዳገደ ይነሣል። በመጀመሪያ ሙቀቱን ጠረጠርኩ፤ ጥር ላይም ግን እንደዚያው ነው። መብራቱን ጠረጠርኩ፤ መብራት ያልተቋረጠባቸውን ቀናት ብቻ ለይቼ ባይም ያው ነው። ምክንያቱን ስላላገኘሁት አልጻፍኩትም። መዝገቡ ይቀጥል ብዬ ተውኩት።

በዚያ ቤት በእኔ መስመር ከእኔ ይልቅ የሚጨነቅ አንድ ሰው ነበር። የአከራዮቼ የቤት ሠራተኛ ናት፤ የከሚሴ ልጅ፣ እዚያው ቤት እየኖረች ስትሠራ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ልብስ የምታሰጣው ጣሪያው ላይ፣ በእኔ በር ፊት ስለነበር ሁልጊዜ እንነጋገራለን። ታናሽ ወንድሟ እኩዮቹን ተከትሎ በእግሩ ድንበር አቋርጦ፣ ጅቡቲ ከተማን ሳይረግጥ በዳር በዳሩ አልፎ፣ ወደ የመን በጀልባ ከሚሻገሩበት ከኦቦክ ደርሶ ነበር። ከዚያ በደላላው ስልክ ደወለላትና «ዛሬ እንሻገራለን» አላት። የመን ጦርነት ላይ ናት። እሷም «አትሻገር» አለችው፤ ስልኩ ግን ቀድሞ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

ወንድሟ በቃሉ የያዘው ቁጥር የእሷን ብቻ ነው። ማዶ ደርሶ ከሰው ስልክ ከለመነ በኢንተርኔት የሚደውለው ወደዚያ ቁጥር ነው። ስለዚህ ስልኳ የዋይፋዩ ሲግናል በሚደርስበት በወጥ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ፣ ከሳሙናው ጎን ቆሞ ይውላል።

«ጋሼ» አለችኝ አንድ ቀን ፒጃማ እያሰጣች፣ «ኢንተርኔቱ በተቋረጠበት ሰዓት ቢደውል፣ ደውሎ እንደነበር ስልኬ ይነግረኛል?»

«መስመሩ ሲመለስ ይነግርሻል።»

«ለእሱስ ምን ይለዋል? ዘጋችብህ ይለዋል?»

«አልተገኘችም ይለዋል።»

«ያው ነው» አለች።

ወንድሟ ሲደውል የምትነግረውን ነገር የሰጠኋት እኔ ነበርኩ። በሥራዬ ወደብ ሄጄ፣ ከየመን ሁዴይዳ ወደብ ኢትዮጵያውያንን ጭኖ የሚመልስ ጀልባ ሲገባ አይቻለሁ። ከወረዱት ጋር ተነጋግሬያለሁ። እዚያው ሁዴይዳ ስማቸውን ያስመዘገቡ ናቸው የሚሳፈሩት። እንደ ወንድሟ ያሉ መንገደኞች ወደ ሳዑዲ ድንበር የሚሄዱበት መንገድም በዚያው ያልፋል። ይህን ስነግራት የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ወንድሟ ሁዴይዳን አልፎ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ቢነገረው ዋጋ የለውም። ከዚያ በፊት መደወልና መስማት ነበረበት።

በዚህ መሐል አንድ ቀን አከራዬ ደረጃውን ወጥተው መጡ። ትልቅ፣ ሳቂታ፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ከጎረቤት የሚሰማ ሴት ናቸው። ሶማሊኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። አማርኛውን የተማሩት ግን ቤታቸው ከሠሩት ሴቶች ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላሉ። እኔም ከለመድኩት ቆይቻለሁ።

«አንቺ ጋዜጠኛ፣ ኢንተርኔት አለሽ?»

«ያው እንደ ሁልጊዜው ነው፣ ማዳም።»

«እኔ የለኝም። ባሌ የለውም። ኳስ እያየ ቆመበት፣ እንግዶቹ ሳቁበት። በየወሩ የምከፍለው ለማነው?» ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ። «ይሄ ምንድነው?»

ገለጽኩላቸው። ከፍ ያለውን፣ የወረደውን፣ ሰዓቱን። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ቁልቁል ሄዱ።

«ይሄ ምሳ በልተን እኔ የምተኛበት ሰዓት ነው።»

«ነው።»

«ልጅቷ ሳህን አጥባ፣ ስልኳን ይዛ የምትቀመጥበት ሰዓት ነው። አየሽ? ኮምፒውተርሽ ያዛት!»

«ኮምፒውተሩ ማንንም አልያዘም፣ ማዳም። መስመሩ መቼ እንደሚወድቅ ይናገራል። ማን እንደጣለው አይናገርም።»

«ፖሊስም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚለው» አሉ፤ «በኋላ ግን ይይዛል።»

ሰዓቱ በእርግጥ ገጥሟል። እኔም የገጠመበትን ምክንያት አላውቅም ነበር። የማላውቀውን ነገር አይደለም ብዬ መማል አልችልም። ወንድሟን ጠቅሼ ስልኩ ለምን እንደማይጠፋ ነገርኳቸው። አዘኑ፤ ከልባቸው «መስኪን» አሉ። ይሁን እንጂ ውሳኔያቸውን አልለወጡም።

«አንድ ሳምንት ስልኩ ከወርቄ ጋር ቁምሳጥን ውስጥ ይተኛል። ኢንተርኔቱ ከዳነ፣ ልጅቷ አገሯ ትገባለች። ካልዳነ ስልኳን ትወስዳለች። በቃ።»

«እንግዲያው ስልኩ እኔ ጋ ይቀመጥ። ከተደወለ አነሣለሁ።»

«አንቺም ሐበሻ፣ እሷም ሐበሻ። ፍየልና ቅጠል አንድ ክፍል አላስቀምጥም።»

ስልኩ ተዘግቶ ቁምሳጥን ገባ። ልጅቷ አላለቀሰችም። «ከተዘጋ ባትሪው አያልቅም» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በዚያ ሳምንት በየቀኑ ከሰዓት የልብስ ሳፋዋን ይዛ በሬ ላይ ትቆማለች።

«ዛሬስ ወደቀ፣ ጋሼ?»

«ወደቀ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

በጅቡቲ ከተማ ኢንተርኔት ስለደከመ ፈጣሪዋን የምታመሰግን እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። እኔ ደግሞ ዘገባዬ እንደቆመ ቁጭ ብዬ፣ የራሴ ሥራ መበላሸት ለእሷ ማስረጃ ሲሆን አያለሁ። የተከታታይ ቀናቱን ሥዕል ለአከራዬ አሳየኋቸው። ስልኩ ቁምሳጥን ውስጥ እያለ መስመሩ እንደ ድሮው በዚያው ሰዓት ይወድቃል። አይተው «ሌላ ስልክ ደብቃለች» ብለው የልጅቷን ፍራሽ ገለበጡ። ማበጠሪያ፣ ያለቀ የፊት ቅባትና አንድ የእግር ሹራብ አገኙ። ይቅርታ አልጠየቁም። ፍራሹን ግን ራሳቸው መልሰው አነጠፉላት።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ከድንበሩ ወዲያ ጎርፍ መንገዱን ቆረጠና ጫቱ ሳይገባ ቀረ።

ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይኖርብኛል። ጫቱ ከእኛ አገር ተጭኖ በየቀኑ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከተማ ይገባል። የሚያከፋፍሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ በየመንደሩ ይበርራሉ። በየጥጉ የተቀመጡት ሻጭ ሴቶች ተቀብለው በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑታል። ቢሮ ይዘጋል፣ ባል ምሳውን በልቶ ጓደኞቹን ይሰበስባል፣ ትራስ ተደርድሮ እስከ ማምሻው ይቃማል። የአከራዬ ባል ዝምተኛ ጡረተኛ ሲሆኑ፣ እንግዶቻቸውን የሚቀበሉት ሞደሙ ካለበት ሳሎን ቀጥሎ ባለችው ክፍል ነው። ጥሩምባውን በየቀኑ እሰማው ነበር። ሰው ለለመደው ድምፅ ጆሮ አይሰጥም፤ እኔም ከሥዕሉ ጋር አላገናኘሁትም።

ያን ቀን ለእኔ ዜና ነበር። ከተማውን ዞርኩ። ሻጮቹ ባዶ ጠረጴዛቸው ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል። ወንዶቹ በየመንገዱ ቆመው ወደ ምዕራብ ያያሉ፤ እርስ በርስ በትንሽ ነገር ይጯጯሃሉ። ተመልሼ ድምፁን አሰናድቼ ላክሁ፤ ሻይ ለመቅዳት ተነሥቼ ስመለስ ገብቷል። ኃላፊው ወዲያው ደወለ።

«ምን ሆንክ? ግመሉን ሸጥከው እንዴ?»

መልስ ሳልሰጠው ሥዕሉን ከፈትኩ። ሰባት ሰዓት አልፏል፣ ስምንት ሰዓት አልፏል፤ መስመሩ ግን እንደ ጠዋቱ ደልዳላ ነው።

አከራዬን ጠራኋቸው። ምድር ቤት ባላቸው ፎጣ ግንባራቸው ላይ ጥለው ብቻቸውን ተጋድመዋል። አከራዬ እያለከለኩ ወጡና ሥዕሉን አዩ።

«ዳነ!» አሉ። «ስልኩ ስለታሰረ ነው።»

«ትናንትም ታስሮ ነበር፣ ማዳም። ትናንት ወድቋል፤ ዛሬ አልወደቀም።»

«ዛሬ ምን አለ?»

«ምን የለም ብለው ይጠይቁ።»

ቀጥ ብለው ቆመው አዳመጡ። ከመንገዱ ጥሩምባ አይሰማም። ከታች የእንግዳ ሳቅ የለም። ገባቸው። አልጋዬ ላይ ዘፍ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከዚያ በደረጃው በኩል ቁልቁል በሶማሊኛ አንድ ነገር ጮኹ። ምን እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

«‹ሌባው አንቺ ነሽ› አልኩት።»

«እሳቸው ብቻ አይደሉም። ቅጠሉ ሲገባ ሠፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ይቀመጣል፤ ሁሉም እየቃመ ስልኩን ይከፍታል።»

«ታዲያ ጋቦዴን በሙሉ ቁምሳጥን ውስጥ ላስገባው?»

ስልኩን ከወርቃቸው መሐል አውጥተው በእጃቸው ሰጧት። ልጅቷ ስትከፍተው ሁለት ያልተነሡ ጥሪዎች ወጡ፤ ሁለቱም ቁምሳጥን ውስጥ በነበረበት ጊዜ፣ ሁለቱም ከአንድ የየመን ቁጥር። መልሳ ስትደውል ዓረብኛ የሚናገር ሰው አነሣ። አከራዬ ስልኩን ነጥቀው ራሳቸው ያዙት፤ ሰውየውን አገላብጠው ጠየቁት። ሁዴይዳ የሚገኝ ባለሱቅ ነው። መንገደኞች እየመጡ ስልክ ይለምኑታል፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። በዚህ ቁጥር የደወለው ልጅ ተመልሶ ከመጣ እንዲያስደውለው በፈጣሪ ስም አስማሉት። እንግዲህ ገና ከተማው ውስጥ ይሁን ወይም አልፎ ይሂድ አላወቅንም።

መንገዱ ተጠገነ፣ ጫቱ ገባ፣ መስመሩም እንደ ልማዱ ወደቀ። ልጁ የደወለው ከሰዓት፣ ከሰዓቶች ሁሉ የከፋው ሰዓት ላይ ነበር።

ከወጥ ቤት «ጋሼ!» ስትል ሰማሁና የምልከውን አቋርጬ፣ ኮምፒውተሩን ከመስመሩ አውጥቼ ወረድኩ። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ መስኮቱ ላይ ተለጥፋለች። ከውስጡ የሚወጣው ድምፅ እየተቆራረጠ ነው፤ «አሎ... እኔ... ደህና... ሰማሽ...» ይልና ይጠፋል። የምስሉ ቦታ ላይ የተሰባበረ ቡናማ ነገር ይታያል።

አከራዬ ከእንቅልፋቸው በባዶ እግራቸው መጡ። አንድ ጊዜ ስልኩን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ፤ ከመደርደሪያው ትልቁን የብረት ትሪ አንሥተው የጫቱን ክፍል በር በጉልበታቸው ከፈቱ።

«ስልክ! ሁላችሁም! ዝጉና እዚህ ጣሉ!»

ከውስጥ ተቃውሞ ተነሣ። ጉንጫቸው በቅጠል የተወጠረ አንድ ሽማግሌ በፈረንሳይኛ «ማዳም፣ የጋቦዴ እስር ቤት እንኳ ለገባ ሰው ከዚህ የተሻለ መስተንግዶ አለው!» አሉ። ሌላው የራሱን ስልክ ሸሽጎ የሽማግሌውን አሳልፎ ሰጠ። ባልየው የራሳቸውን ከሁሉ ቀድመው ትሪው ላይ አኖሩ። አከራዬ ትሪውን እንደ ምሳ ተሸክመው ወጡ።

መስመሩ ትንሽ ተነሣ፤ የሠፈሩ ሌላ ቤት ሁሉ ግን አልተዘጋም። ልጅቷ የምትለውን በቃሏ ይዛው ስለነበር ሰላምታ ሳትሰጥ ጀመረች።

«ሁዴይዳ ስምህን አስመዝግብ! ጀልባ አለ! በነጻ ነው፣ ወደ እኛ ነው የሚመጣው! ወደ ላይ አትሂድ! ሰማኸኝ? አትሂድ!»

በጩኸቷ የጎረቤት መስኮት ተከፈተ። ከስልኩ ውስጥ እንደ ውሃ የሚንቦጫቦጭ ድምፅ መጣ። ከዚያ ጥርት ብሎ «እሺ» ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እሺ»። ከዚያ ተዘጋ። መልሳ ብትደውል ባለሱቁ ልጁ መሄዱን ለአከራዬ ነገራቸው።

«ምን አለ?» አሉ አከራዬ ትሪውን እንደያዙ።

«እሺ አለ፣ ማዳም።» ወደ እኔ ዞረች። «ሰምቶኛል፣ ጋሼ?»

ሰምቶሻል ብላት ደስ ባለኝ። «‹እሺ› ሲል ሰምቻለሁ» አልኳት። ለየትኛው ቃሏ እሺ እንዳለ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ የተመላሾች ጀልባ ሲገባ ሁሉ ወደብ ሄድኩ። ለሥራ ነው የምሄደው፤ ግን ከስልኳ ያሳየችኝን የወንድሟን ፊት በሰልፉ ውስጥ እፈልግ ነበር። ቀጫጭን ልጆች ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ፀሐዩን እየሸሹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ስመለስ በር ላይ ትጠብቀኛለች። «አላየሁም» እላታለሁ። አንዳንዴ ሳትጠይቀኝ ገና ከፊቴ አንብባ ትመለሳለች። የዜና ክፍሉ ኃላፊ ስለ ተመላሾች የሚቀርበው ዘገባ በዛ፣ ወደብና ንግድ ላይ አተኩር አለኝ። እሺ ብዬ በራሴ ጊዜ መሄዱን ቀጠልኩ። ኮምፒውተሩ መስመሩን መመዝገቡን አልተወም፤ እኔ ግን ሥዕሉን መክፈት ተውኩ። የሚነግረኝን አውቀዋለሁ።

የብርዱ ወራት ገብቶ ቬንትሌተሯ ባረፈችበት ሰሞን ልጅቷ አንሶላ ልታሰጣ ወጣች። እንደ ወትሮው ወሬ አልጀመረችም። ገመዱ ላይ አንዱን ዘርግታ፣ ጫፍና ጫፉን አስተካክላ ከጨረሰች በኋላ ነው የተናገረችው።

«ደወለ።»

«ከየት?»

«ከሳዑዲ በኩል። ተራራ ላይ ነው፤ የሰው ፍየል ይጠብቃል። ደህና ነኝ ይላል።»

እንኳን ደስ ያለሽ ልበል ወይስ ዝም ልበል ስል፣ እሷ ቀጠለች።

«‹ያን ቀን ምን ብለሽ ነበር የምትጮሂው?› አለኝ። ድምፄን እንጂ ቃሉን አልሰማም።»

«ምን አልሽው?»

«‹ሰላም እያልኩህ ነበር› አልኩት። አሁን ምን ልበለው፣ ጋሼ፤ ተሻግሯል።»

ወደ ሳፋው ጎንበስ ብላ ሌላውን አንሶላ አነሣች። አንዱን ጫፍ ያዝኩላትና አብረን ጨመቅነው።